አማቴን ሴራሚክ ለማስመረጥ

ሥራዬ የሰው አፍ ማስከፈት ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ግጥም የሚያደርጉ ጎረምሶች አይቻለሁ፤ ጣቴን ነክሰው ይቅርታ እንኳ ያልጠየቁኝ አዛውንትም ገጥመውኛል። ሁሉም በመጨረሻ ይከፍታሉ። አልከፍትም ብለው ያሸነፉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አማቴ፣ የባሌ አባት። ያውም የፈለግሁት ጥርሳቸውን ለማየት አልነበረም። ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የትኛው ሴራሚክ ይለጠፍ ብዬ ነው የጠየቅኋቸው።

አማቴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። የመጡ ዕለት ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ የጠየቁት መጥበሻው የት እንደሚቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩሽናው የእሳቸው ግዛት ሆነ። እኔ ምግብ ማብሰል አልችልም፤ ባሌ እችላለሁ ብሎ ያምናል፣ እሱ ደግሞ ከእኔም የባሰ ነው። እሳቸው ግን ሬዲዮናቸውን ከፍተው፣ ዜና አንባቢውን እየተከራከሩ፣ ሽንኩርቱን እንደ ፀጉር አቅጥነው ይከትፋሉ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ ፍሪጁ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ዘፍ እላለሁ። "እሳቷ፣ የዛሬዎቹ ጥርሶች እንዴት ዋሉ?" ይሉኛል። የዋልኩበትን ስነግራቸው ማማሰያውን አስቀምጠው ዕንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ባሌን እወደዋለሁ፤ ቤት ለመድረስ የምጣደፈው ግን ለአባቱ ነው። ይህን እሱም ያውቃል።

ይህን ሁሉ ያናጋው አንድ ምስማር ነው። አማቴ ትልቁን መጥበሻ የሚሰቅሉበት ሲያጡ ከምድጃው በላይ ምስማር መቱ። ምስማሩም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ቀጥ ብሎ ቧንቧው ውስጥ ገባ። ሮጬ ስደርስ ውሃው ከግድግዳው እየተምዘገዘገ ፊታቸውን ይገርፋቸዋል፤ እሳቸው መዶሻቸውን እንደያዙ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላሉ። ዋናውን መዝጊያ እስክናገኝ ኩሽናው ኩሬ ሆነ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ኮርኒስም ካርታ አወጣ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ግድግዳውን ሲፈለፍለው ያረጀው ቁም ሳጥን አብሮ ወረደ። እንግዲህ አንዴ ከፈረሰ አይቀር ብለን ኩሽናውን እንደ አዲስ ልናሠራው ወሰንን።

እኔና ባሌ በሆዳችን ደስ ብሎን ነበር። ያ ኩሽና ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል፤ ምክንያት ነበር የጎደለን። አማቴ ግን በኀፍረት ሟሙ። እራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ "ኩሽናው ሲያልቅ እኔ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እናንተም ሰፋ ብላችሁ ኑሩ" አሉ።

ልጄ የሚሉት የባሌን እህት ነው። ያለችው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው። ባሌን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ "አንተ እንደወደድክ፣ አባዬ" አለ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

"ውይ ይቅርታ፣ እግርሽ ላይ ቆምኩ እንዴ?" አለኝ።

የባሌ ቤተሰብ እንዲህ ነው። "እናንተ እንደወደዳችሁ" የሚባል በሽታ አለባቸው። ሳህን ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ዳቦ አንዱ ለሌላው ሲጋብዝ ትደርቃለች፤ ደርቃ ስትጣል ሁሉም ጨዋ ሆኖ ይነሣል። አሳንሰር በር ላይ "አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ" ሲባባሉ አሳንሰሩ ጥሏቸው ይወጣል። እኔ ያደግሁት ደግሞ የፈለገ የሚናገርበት፣ ያልተሰማ የሚጮህበት ቤት ነው። የሆዴን ቋጥሬ አድሬ አላውቅም። አማቴ እሳቷ የሚል ስም ያወጡልኝም ለዚሁ ነው፤ ደስ እያላቸው ነው ያወጡልኝ፣ በእነሱ ቤት አንድ ጮክ የሚል ሰው ሲገባ እንደ ሬዲዮ ነው የሚያዩት።

እንግዲህ ያን ሌሊት ሳልተኛ አንድ ዘዴ አወጣሁ። ሰው የራሱን ግድግዳ መርጦ ለሌላ ጥሎ አይሄድም ብዬ አሰብኩ። አማቴ አፍ አውጥተው "ይሄ ይሁንልኝ" ካሉ ኩሽናው የእሳቸው ነው፤ ኩሽናው የእሳቸው ከሆነ ደግሞ የትም ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን፣ የዕቃ ማጠቢያውን፣ መብራቱን እኔና ባሌ ጨራረስንና ከምድጃው ጀርባ ያለችውን ያችን ግድግዳ ለእሳቸው ተውናት። ዘይት የሚፈናጠርባት፣ እንፋሎት የሚያርፍባት፣ ሲያማስሉ ውለው የሚያፈጡባት እሷ ናት። ከእሳቸው ሌላ ማን ይምረጣት?

መጀመሪያ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ካታሎጉን ፊታቸው ዘርግቼ፣ "አባባ፣ የትኛው ይሻላል?" አልኳቸው።

"ሁሉም አንደኛ ናቸው።"

"አንዱን ብቻ ይምረጡልኝ።"

"አንቺ የመረጥሽውን መርጫለሁ።"

"እኔ እኮ የመረጥኩት እርስዎ የሚመርጡትን ነው!"

"በይ እንግዲያው ተስማምተናል" ብለው ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ቀጥሎ በስለላ ሞከርኩ። ኩሽናው እስኪያልቅ ሳሎን ጥግ ላይ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስቀምጠንላቸዋል፤ እዚያ ነው የሚያበስሉት። ከሱቅ ናሙና ሴራሚኮች ተውሼ አመጣሁና ከምድጃዋ ጀርባ ደረደርኳቸው። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ የጡብ መልክ ያለው አለ፣ አበባ ያለውም አለ። ነጭ ብቻ አላመጣሁም፤ ቀኑን ሙሉ ነጭ ነገር ሳይ ውዬ ማታም ነጭ ካየሁ ክሊኒክ ያደርኩ ይመስለኛል። ከዚያ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ከሶፋው ላይ ዓይናቸውን መጠበቅ ጀመርኩ። የትኛው ላይ ዓይናቸው እንደሚያርፍ ላይ አይደል?

ሽማግሌው ጨርቅ አነሡ። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጡ ወለወሉ። ከዚያ ጫፍ ላይ የነበረችውን ሰማያዊ አንሥተው መሐል አስገቧት። ልቤ ዘለለች። "አባባ፣ እሷን ወደዷት?" አልኩ፣ ጋዜጣዬን ወርውሬ።

"አይ፣ ጥግ ላይ ብቻዋን አሳዘነችኝ" አሉ። በማግስቱ ደግሞ የጫፍ ተረኛ የሆነችውን አበባማ መሐል አስገቡ።

ሲጨንቀኝ ባሌን ላክሁት። "አባትህን ይዘህ ውጣ፤ እየተንሸራሸራችሁ ቀስ ብለህ አውጣጣቸውና ንገረኝ" አልኩት። ረጅም መንገድ ተንሸራሽረው ተመለሱ። ፊቱ ያበራል፤ ምሥጢር የያዘ ሰው ፊት ነው።

"ነገሩህ?"

"ነገረኝ። የሚወደው አንቺ የምትወጂውን ነው።"

"እኔ የምወደው ምንድነው ታዲያ?"

ባሌ ትንሽ አሰበ። "እሱን አልጠየቅኩትም" አለ።

አንጀቴ ቅጥል አለ። ባልነቱ ቀርቶ ታካሚዬ ቢሆን ያለ ማደንዘዣ ነበር የምነቅልለት።

በዚህ መሐል ኩሽናው እያማረ ነው። ቁም ሳጥኑ ተሰቀለ፣ ማጠቢያው ገባ፣ አዲሱ ምድጃ ከነኦቨኑ መጥቶ ላስቲኩን እንደለበሰ ወለሉ መሐል ተገተረ። የቀረችው ያቺው ግድግዳ ናት። እኔ ግን ኩሽናው ባማረ ቁጥር ከፋኝ፤ እያንዳንዱ የተሰቀለ በር አማቴን አንድ እርምጃ ወደ አውቶቡሱ የሚገፋቸው መሰለኝ። ባለሙያው ሴራሚኩን ለመለጠፍ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ሲለን ሁለቱንም አባትና ልጅ መኪና ውስጥ ከትቼ ሱቅ ወሰድኳቸው። የመጨረሻው ዘዴዬ አብሮኝ ነበር።

ዘዴው ቀላል ነው። ሰው የሚወደውን አልናገር ካለ የሚጠላውን አምጥቶ ፊቱ ላይ መደቀን ነው። ጥርስም እንዲህ ነው፤ የትኛው እንደሚያም ያልተናገረ ታካሚ፣ የሚያመውን ስትነኩበት ሳይወድ ይናገራል።

ሻጩ ሽቅርቅር ያለ ወጣት ነው፤ ጫማው ከሚሸጠው ሴራሚክ ይበልጥ ያበራል። ውድ ውዱን ሲያሳየን እኔ ዓይኔ ጥግ ጥጉን ይፈልጋል። አገኘሁትም። ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫዎች ጀርባ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሴራሚክ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ላይ የአብሳይ ቆብ የደፋ አውራ ዶሮ ተስሏል። በአንድ ክንፉ ማንኪያ፣ በሌላው የወይን ዘለላ ይዟል። አንድ ዓይኑ ደም መስሎ ተጎልጉሏል፤ የትም ብትቆሙ ያያችኋል።

"ይሄን!" አልኩ፣ እጄን እያጨበጨብኩ። "በቃ ይሄን ነው የምፈልገው! ከምድጃው ጀርባ ሙሉውን ግድግዳ!"

ከዚያ ጠበቅሁ። ሰው ነው፣ ዓይን አለው፣ እንዴት ዝም ይላል? አማቴ ዶሮውን አዩት። ዶሮውም አያቸው። ምራቃቸውን ሲውጡ ማንቁርታቸው ወጣ ወረደ አለ።

"ንቁ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ደግሞ ቆቡ ንጹሕ ነው።"

ወደ ባሌ ዞርኩ። "አንተስ?"

"ለቤቱ ሕይወት ይሰጠዋል" አለ፣ ዶሮውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

"እርግጠኞች ናችሁ? ካልወደዳችሁት አሁኑኑ ተናገሩ።"

"አንቺ ከወደድሽው እኛ ምን ቤት ነን!" አሉ አባትና ልጅ ባንድ አፍ።

ሻጩ እግሬ ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዶሮው እሱ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ እዚያ እንዳለ፣ የሱቁ ባለቤት ሊሰብሩት ሲያስቡ እንደነበር አፉ አምልጦት ነገረን። "ለመጠባበቂያ ብዬ በነጻ እጨምርልዎታለሁ፣ እመቤቴ" አለኝ፤ "ብቻ ይሄኛው ከሱቅ ከወጣ አይመለስም።" የዚያኔ ነበር ስቄ "ቀልዴን ነው" ማለት የነበረብኝ። ግን እልህ ያዘኝ። ግድግዳው ላይ ሲያዩት ይፈነዳሉ፣ ግድ የለም፣ ብዬ ዶሮዎቼን አስጭኜ ገባሁ።

ባለሙያው ጠዋት መጣ። ለነገር የማይቸኩል፣ ሲናገር ቃላቱንም እየለካ የሚናገር ሰውዬ ነው። ካርቶኑን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

"ዶክተር፣ ካርቶን ተሳስቶ የመጣ መሰለኝ።"

"አልተሳሳተም።"

"እሺ" አለ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ድምፅ ይዞ። ከዚያ ማጣበቂያውን እየበጠበጠ፣ "እስከ ምሳ ሰዓት የለጠፍኩት በእጅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ግን በመዶሻ ተሰባብሮ ካልሆነ አይላቀቅም። እንዳልነገርኩዎት እንዳይሆን" አለ። ይህን ሲል አማቴ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ፤ አሁን ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ዶሮ ተለጠፈ። ባለሙያው ውሃ ልኩን አወጣ፤ ያቺን ፈሳሽ ውስጥ አረፋ ያላትን መለኪያ። አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ዶሮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሁለተኛውን ለጠፈ፣ ለካ። ሦስተኛውን ለጠፈ፣ ለካ። አማቴ ውሃ በብርጭቆ አመጡለት። "ሰልፋቸው ያምራል" አሉት። ሰልፉ ከምድጃው ወርድ አለፈ። ዶሮዎቹ ሁሉ ባንድነት እኔን ያያሉ። "ሁሉም እኩል ያያሉ፤ አድልዎ የለባቸውም" አሉ አማቴ። ባሌ ደግሞ ሥራውን ከቤት እየሠራ ነው ተብሎ ሳሎን ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጧል፤ ወደ ኩሽናው ላለመምጣት ውሃ እንኳ አልጠጣም።

ፎጣ ለማምጣት ወደ ውስጥ ስገባ የአማቴ ክፍል በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በስልክ ያወራሉ። "አዎ ልጄ፣ ዛሬ ያልቃል። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እነሣለሁ" ይላሉ። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ልብሱ ተጣጥፎ አልቋል፤ ከላይ ሽርጣቸው አለ፤ ከሽርጡ ላይ ያ ትልቁ መጥበሻ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሰውየው መጥበሻውን ጠቅልለዋል፤ ጨርሰዋል ማለት ነው። ነገ ከሥራ ስገባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ለማን እንደማወራ አሰብኩ። ለዶሮዎቹ!

ወደ ኩሽና ስመለስ ባለሙያው ጠርዝ የሚሆነውን ሴራሚክ ሊቆርጥ ሰገነት ላይ ወጥቷል፤ መቁረጫው ያፏጫል። ውሃ ልኩ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እንግዲህ እኔ የተማርኩ፣ ግድግዳዬ ላይ ዲግሪ የሰቀልኩ፣ ከተማ የሚያውቀኝ ሐኪም ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ውሃ ልኩን አነሣሁ፤ ምድጃው የለበሰውን ላስቲክ ገለጥኩ፤ ኦቨኑን ከፍቼ ከተትኩት፤ ዘግቼ ወጣሁ። ዛሬ ካላለቀ ነገ አውቶቡስ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም።

ባለሙያው ገባ። መስኮቱን አየ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ዕቃ መያዣውን ገለበጠ። "ውሃ ልኬ የታለ?" አለ። ድምፁ ልጁ የጠፋበት አባት ድምፅ ነበር።

"በዓይን ብትለጥፈውስ፣ ወንድሜ?" አለ ባሌ በመጨረሻ ከሳሎን ብቅ ብሎ።

"በዓይን?" ባለሙያው የተሰደበ መሰለ። "ያለ ውሃ ልክ አንድም አልለጥፍም። እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ፍለጋው ተጀመረ። ባሌ ይቅርታ እየጠየቀ ፍሪጁን ከፍቶ ከእንቁላሎቹ መሐል ፈለገ። እኔም አጎንብሼ፣ እንደሌለበት በደንብ አድርጌ የማውቀውን ቦታ ሁሉ ፈለግሁ። አማቴ የማጠቢያውን ሥር አዩ፣ መሳቢያዎቹን አዩ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዱ። ለካ ኩሽና የሚያውቅ ሰው ኦቨን ሳያይ አይቀርም!

ላስቲኩን ገለጡ። ጎንበስ ብለው ኦቨኑን ከፈቱ። እኔ ከነበርኩበት ውሃ ልኩ ጫፉ ይታየኛል፤ እሳቸውማ አፍንጫቸው ሥር ነው። እንዳጎነበሱ ቆዩ። ወገባቸው ተያዘ እንዴ እስክል ድረስ ቆዩ። ከዚያ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጃቸው ደግፈው ዘጉት። ላስቲኩንም ጎተት አድርገው አስተካከሉ።

"እዚህም የለም" አሉ ለባለሙያው።

እኚህ ሰውዬ እኮ በስልክ ተሳስቶ ለደወለ ሰው እንኳ እውነቱን ሁሉ ዘርዝረው ይቅርታ የሚጠይቁ ናቸው! ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ጎተትኳቸው።

"አይተውታል" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"አባባ!"

"እሺ፣ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሰጡትም?"

"ያስቀመጠው ሰው ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነዋ።"

ደሜ ፈላ። ሌባ ቤት ቢገባም ምክንያት ይኖረዋል ብለው ወንበር ሊሰጡት ነው! "ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ!" አልኳቸው።

"አውቄያለሁ። ባልሽ ቢሆን ባለሙያውን አስፈቅዶ ነበር የሚደብቀው።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየነካኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞ እኔም ዛሬ ባያልቅ ደስ ይለኛል" አሉ።

"ለምን?"

"ሲያልቅ መሄዴ ነዋ።"

"ማን ሂዱ አልዎት ታዲያ?"

"ማንም አላለኝም" አሉ። "አትሂድ ያለኝም የለም።"

እኔ የሆዴን የማልቋጥረው፣ እኔ እሳቷ፣ በእነሱ ዝምታ ስስቅ የከረምኩት! ካታሎግ ዘረጋሁ፣ ባሌን ለስለላ ላክሁ፣ የዶሮ መንጋ ገዛሁ፣ የሰው መሣሪያ ሰረቅሁ፤ ያችን አንዲት አጭር ቃል ግን አላልኩም። ረስቼ አይደለም። ብነግራቸውና "አይ፣ ልጄ ዘንድ ይሻለኛል" ቢሉኝስ ብዬ ነው። በሴራሚክ በኩል ዞሬ ብሄድ፣ እምቢ ቢሉኝም እምቢ ያሉት ሴራሚኩን ይሆናል ብዬ ነው። ፈርቼ ነው።

"አይሂዱ" አልኩ። ድምፄ ተሰበረና እንደገና ጀመርኩ። "አባባ፣ አይሂዱብኝ። ሴራሚኩ ገደል ይግባ! ከፈለጉ በየሳምንቱ ምስማር እየመቱ ቧንቧውን ይብሱት፤ ጎረቤታችንን እኔ እለምናለሁ። እርስዎ ከሌሉ እኔ ምን አለኝ ብዬ ነው ወደዚህ ቤት የምጣደፈው?"

መሐረብ አወጡ። ረጅም ጊዜ ተናፈጡ። መሐረቡን አጣጥፈው እስኪከቱ አላዩኝም።

"ይህን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ፣ "እነዚያን ዶሮዎች ባልታገሥኩ።"

"ማለት?"

"ማለትማ፣ ሲያስጠሉ! ወፍ ነው ወይስ ዐቃቤ ሕግ? ቀና ባልኩ ቁጥር ወንጀል የሠራሁ እየመሰለኝ!"

ይህን ያሉት ጮክ ብለው ነው። ጮክ ብለው! መልሼ ምንም ሳልላቸው በፊቴ አልፈው ኩሽና ገቡ፤ ኦቨኑን ከፍተው ውሃ ልኩን ለባለቤቱ አስረከቡ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው የመጀመሪያውን ዶሮ በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወረዱት። ማጣበቂያው ገና አልያዘም ነበር። ባለሙያው ውሃ ልኩን በደረቱ አቅፎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" አለ፤ ውሃ ልኩ በመገኘቱ ይሁን ዶሮው በመውረዱ እንጃ።

"አባዬ፣ ትወዳቸው አልነበረም እንዴ?" አለ ባሌ ዓይኑ ፈጦ።

"አንተስ?"

"እኔማ ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ ሲመጡብኝ አደሩ" አለና እሱም ሮጦ ሁለተኛውን ያዘ።

ሁሉም ወርደው ግድግዳው እርቃኑን ሲቀር ባለሙያው፣ "በምትኩ ምን ይሁን?" አለ። እኔ ዕንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣ መቼም እንደ ልማዳቸው "እሷ የወደደችውን" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አማቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ሽቅብ ቁልቁል አዩት።

"ጥቁር" አሉ።

"ጥቁር?" አልኩ። "ኩሽና ውስጥ? ከሰል ማከማቻ ነው?"

"ጥቁር ደስ ይለኛል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር።"

"ድፍን ጨለማ ሊያደርጉት ነው! አረንጓዴው ምን ሆነ? ሰማያዊውስ?"

"አረንጓዴ አልወድም። ሰማያዊም አልወድም። አበባማውንማ ተዪው።"

"ያን ሁሉ ቀን ሲወለውሏቸው ነበር እኮ!"

"አቧራ ስለያዙ ነዋ! መወልወልና መውደድ ምን አገናኘው?"

ባሌ አንዴ እኔን አንዴ አባቱን እያየ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ። አባቱ ሲሟገቱ አይቶ አያውቅም፤ በዕድሜው ሙሉ አይቶ አያውቅም። እኔም ብሆን ሬዲዮው ውስጥ ካለው ሰውዬ ጋር ብቻ ነበር ሲሟገቱ የሰማሁት።

"ጥቁር ላይ ዘይት ሲፈናጠር ያሳያል!" አልኩ።

"ካሳየ እጠርገዋለሁ!"

"እንፋሎት ሲያርፍበት ያዥጎረጉረዋል!"

"ካዥጎረጎረው አሁንም እጠርገዋለሁ! ማን ነው እዚህ የሚቆመው? አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ እንጂ! ነገም እኔ ነኝ፣ ከርሞም እኔ ነኝ፣ እግሬ እስከቻለኝ ድረስ እዚህ ግድግዳ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ!"

ባለሙያው የማጣበቂያውን ክዳን በቀስታ ገጠመ። እኔም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ "ጥቁር አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። መጮኼን ባቆም ማልቀሴ ነበር።